አማቴ የሰጡለት ድምፅ

ባሌ ባትላሜራ ነው። የተጨረመተ መኪና ይመጣለታል፤ እሱ ከውስጥ በኩል ብረት ደግፎ ከውጭ በመዶሻ ቀስ እያለ ይቀጠቅጠዋል፣ ቆርቆሮውም እያኮረፈ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፣ "መዶሻ" ነው የሚሉት። እኔም ስናደድ መዶሻ እለዋለሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ከዚያ ሌላ ጠርቼው አላውቅም።

ቆርቆሮ ላይ ያለውን ትዕግሥት ሩቡን ለወሬ ቢሰጠው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። ከአፉ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። የቤተሰብ ነገር ነው። ከእናቱ ጋር ስልክ ሲያወሩ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጎረቤት ድመት ሳይቀር ያነሣሉ፤ ዋናው ነገር ግን ከሥር እንደተቀበረ ይቀራል። መጨረሻ ላይ አንዳቸው "ነገሩ ይገባሃል አይደል?" ይላሉ፣ ሌላኛው "ይገባኛል" ይላል፣ ስልኩ ይዘጋል። እኔ ያደግሁት ሁሉም ነገር ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛውም ጊዜ እየተጮኸ በሚነገርበት ቤት ነው። ያለ ቃል መግባባት የሚባለውን ነገር አላምንበትም፣ አሁን ደግሞ ምክንያትም አለኝ።

ወደዚህ አገር የመጣው እንደ ቀልድ ነው። ያኔ የሱ አገርና የኔ አገር ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ባንድ ኅብረት ውስጥ ነበሩ። ያንዱ ዜጋ ሌላው ዘንድ ሄዶ መኖርና መሥራት ቢፈልግ ማንንም አያስፈቅድም። የመዶሻ ሳጥኑን ይዞ ባቡር ተሳፈረ፣ እንቅልፉን ተኝቶ እዚህ ወረደ፣ በማግስቱ ሥራ ገባ። ሠፈር የቀየረ ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ይደክማል። የተዋወቅነው የአባቴን መኪና ከአጥር በር ጋር አላትሜው፣ አባቴ ከሥራ ሳይመለስ እንዲያስተካክልልኝ ለምኜው ነው። አስተካከለው። አባቴ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ይህን ካነበበ እንግዲህ ይወቀው።

ሃያ ዓመት ያህል እዚህ ሲኖር አንዲት ወረቀት በስሙ አላወጣም። የቤት ኪራዩ በኔ ስም፣ መብራቱ በኔ ስም፣ ስልኩ በኔ ስም። እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝና "ወረቀት አንቺ ትችይበታለሽ" ይለኛል። ዜግነት ለውጥ ስለው ደግሞ "ለምን? ምን ጎደለኝ?" ይላል። እውነቱን ለመናገር ምንም አልጎደለውም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

እናቱ መጋረጃ ሰፊ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሁልጊዜ እሑድ ይደውልላቸዋል፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነገር ይላቸዋል፦ "እመጣለሁ እኮ እማዬ። እዚያ ሥራ ቢኖር መቼ እቀር ነበር? ድንበሩ ተከፍቶ ያገሩ ሰው ሁሉ ገባና ሥራውን አረከሰው እንጂ።" ቃሉ ሁሉ ውሸት ነው። የመጣው ሥራ አጥቶ አልነበረም፣ እዚህ ስለተመቸው ነው የቀረው። ግን ለእናት "ካንቺ ርቄ ደስ ብሎኛል" ይባላል? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንደሚሉት፣ የራሱን መቅረት ኅብረቱ ላይ አላከከው። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

"አንተ ውሸታም" እለዋለሁ።

"ምን ልበላት ታዲያ?" ይለኛል።

አማቴ ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ በኋላ ግን ነገሩ የሳቅ መሆኑ ቀረ። እኛ ዘንድ መጥተው እንዲኖሩ ተስማማን። የኋላውን ክፍል ባዶ አደረግሁት። ባሌ የአልጋውን እግር በመጋዝ አሳጠረው፤ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ግድግዳው ላይ የሚይዙት የብረት ቧንቧ ሰካላቸው፣ ጋራዥ በተረፈ የታክሲ ቀለምም ቀባው። ክፍሉ የታክሲ ማቆሚያ መሰለ። የሚቀረው አማቴ ባቡር ላይ መውጣታቸው ብቻ ነበር። ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንም አያስቆማቸው።

እሳቸው ግን "እሺ፣ ክረምቱ ይውጣ" አሉ። ክረምቱ ሲወጣ "ጣሪያው ይጠገን" አሉ። ጣሪያው ሲጠገን "ጓሮውን አናጢ አስይዤዋለሁ" አሉ። እሳቸው ዛሬ ነገ ሲሉ፣ እኔ ሰው ያልተኛበት አልጋ ላይ አንሶላ ስቀይር፣ የባሌ አገር "ከኅብረቱ እንውጣ ወይስ እንቆይ?" ብሎ ሕዝቡን ድምፅ ሊያሰጥ መሆኑን ሰማን።

ባሌ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጫማውን ወልውሎ ቆንስላው ሄደ። ፈቃድ ጠይቆ አያውቅም፣ ጫማም አይወለውልም። ከአገራቸው ከወጡ ብዙ ዓመት የሆናቸው አይመርጡም ብለው መለሱት። ኑሮው የሚናደው እሱ፣ የማይጠየቀውም እሱ። በበነጋታው አንድ ፓራፋንጎ፣ የመኪና የጎማ ክዳን፣ ሲያቃና ቆርቆሮውን ቀደደው፤ እንዲህ ሲቀድ ከጀማሪነቱ ወዲህ የመጀመሪያው ነው አሉ። ማታውኑ፣ እሑድም ሳይሆን፣ ለእናቱ ደወለ። አጠገቡ ስለነበርኩ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"እማዬ፣ እኔን ከለከሉኝ። የኔን ድምፅ አንቺ ስጪልኝ።"

"ያንተን?"

"አዎ። አንቺ ለነሱ ጉዳይ ግድ የለሽም። ለኔ ብለሽ ሂጂ። ነገሩ ይገባሻል አይደል?"

"ይገባኛል ልጄ። ያንተን ነገር እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል።"

"በቃ።"

ስልኩን ሲዘጋው "የቱን እንደሚመርጡ አልነገርካቸውም" አልኩት።

"እናቴ ናት እኮ" አለኝ። "ልጇ የት እንደሚኖር ታውቃለች።"

እንውጣ ያሉት አሸነፉ፣ ለጥቂት። ባለጋራዡ ሬዲዮውን ዘግቶ "የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል" አለ፤ ባሌ ይህን ቤት መጥቶ ነገረኝና እራቱን በላ። እኔ ነኝ የተሳደብኩት። እዚያ አገር ያሉትን መራጮች አንድ በአንድ፣ ሳላውቃቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት፣ ደረጃው ሥር ሰልፍ፣ ከላይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ጀርባ ባለመነጽሯ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምሰድባት አገኝ ነበር። ባሌ ከለውጡ በፊት እዚህ ይኖር እንደነበር እንዲያስረዳ ጠየቀችው።

"ከዚህች ሴት ጋር ነው የኖርኩት" አላት እኔን እያመለከተ።

"እሳቸው ማስረጃ አይደሉም።"

"እንዴት አይደለሁም?" አልኩ።

"በስማቸው የመጣ ነገር ካለ ይምጣልኝ" አለች። ባሌ ወደኔ ዞሮ አየኝ። መብራቱ፣ ስልኩ፣ ኪራዩ፣ ሁሉም የኔ። ያን ዕለት መንገዱን ሙሉ አላናገርኩትም፤ እሱ ግን መኳረፌን ያወቀ አይመስለኝም፣ ለሱ የወትሮው ጸጥታ ነው።

ባለጋራዡ ነው ያወጣን። የደመወዝ መዝገቡን ተሸክሞ መስኮቱ ድረስ መጣና "ይህ ሰው እዚህ ካልኖረ ያን ሁሉ መኪና ያቃናው ጅኒ ነው?" አላት። ፈቃዱ ተሰጠ። ከጀርባው ግን ሁለት ነገር ነበረበት። አንደኛው፣ ከግማሽ ዓመት በላይ ከአገር ከወጣ ፈቃዱ ይሰረዛል። ሁለተኛው የእናቱ ጉዳይ ነው፦ ከእንግዲህ አማቴ ለጉብኝት ካልሆነ መግባት አይችሉም፣ እሱም ለሦስት ወር። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይኸው ነው። ለመኖር ከፈለጉ ከመጡ በኋላ ያመልክቱ፣ ይታያል፣ አለች ባለመነጽሯ። "ይታያል" የሚለውን ቃል እኔም ቢሮዬ ውስጥ ለወላጆች እለዋለሁ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

አማቴ አንድ ሻንጣና አንድ ምርኩዝ ይዘው መጡ። ከባቡሩ ያወረዳቸው ባሌ ነው፣ አቅፎ፣ እንደ ሕፃን። በስልክ "ደኅና ነኝ" ሲሉ የከረሙት ሴትዮ ካልሲያቸውን ለብቻቸው ማጥለቅ አይችሉም ነበር። ምድጃ ለኩሰው ይረሳሉ። ያም ሆኖ ባረፉ በሳልስቱ የሳሎኑን መጋረጃ አስወርደው ጠርዙን እንደገና ሰፉት፤ "ይህን የሰፋልሽ ሰው ወይ ዓይን የለውም ወይ ኅሊና" አሉኝ። ወደድኳቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው እንዳይሸፍነው ነው።

ማመልከቻውን አስገብተን መጠበቅ ጀመርን። አንድ ምሳ ላይ ሦስታችን ሾርባ እየጠጣን ነበር። ባሌ ያን ቀን አፉ ተፈቶለት ስለዚያ ድምፅ መናገር ጀመረ። "አንድ ሰው እንኳ 'እንውጣ ብዬ መርጫለሁ' ሲል ሰምቼ አላውቅም" አለ። "ማን ነው ታዲያ የመረጠው? ባገኘው ኖሮ አንድ ነገር ብቻ እጠይቀው ነበር።"

"ጠይቀኛ" አሉ አማቴ።

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ማንኪያቸውን ሳሕኑ ውስጥ አስቀመጡ።

"አንተው አይደለህ ምረጪልኝ ያልከኝ?"

"አዎ፣ እንድንቆይ ነዋ እማዬ።"

"እንድንቆይ መቼ አልክ? ድንበሩ ተከፍቶ ነው ሥራ ያጣሁት፣ እሱ ነው ያስቀረኝ፣ ስትለኝ ኖርክ። እሑድ በመጣ ቁጥር። እንዲዘጋ መረጥኩልህ።" ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። ያፈሩ አይመስሉም፤ ይልቅ ግራ የገባቸው ይመስሉ ነበር። "አንተ ትመጣለህ ብዬ ጓሮ ያለውን የአባትህን መጋዘን አስጠርጌ ወለሉን ሲሚንቶ አስለበስኩት። መኪና እንዲገባበት በሩን አሰፋሁት። ጓሮውን አናጢ አስይዤዋለሁ አላልኩህም?"

እሱ ለሳቸው ክፍል ሲያሰናዳ፣ እሳቸው ለሱ ጋራዥ ሲያሰናዱ ከርመዋል። እሱ ይመጣሉ ብሎ፣ እሳቸው ይመጣል ብለው። ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

 በማን እንደምናደድ መምረጥ አቃተኝ። በእሳቸው ልናደድ፤ የገዛ ልጃቸውን ቃል ያመኑ እናት ምን ይባላሉ? በእሱ ልናደድ፤ ተናድጃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። የእናቱን ልብ ላለማሳዘን ያንን ሁሉ እሑድ ዋሽቶ የገዛ ቤቱን አስነቀለ። ደግሞ እኒያ ቆንስላ ውስጥ ያሉት፦ ራሱ ቢመርጥ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እርግጥ የአማቴ አንድ ድምፅ ያን አገር አላስወጣውም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት፣ አልጠቀመኝም።

ባሌ ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ሲመለስ እናቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ውሸቴን ነበር እኮ እማዬ።"

"የቱን?"

"እመጣለሁ ያልኩሽን። ሥራ የለም ያልኩሽንም።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ?"

"ሃያ ዓመት።"

 አማቴ "ይመቸኛል፣ ሚስቴን እወዳታለሁ፣ አልመጣም ብትለኝ እኮ አልሞትም ነበር" አሉት። "አልቅሼ መጋረጃዬን እሰፋ ነበር። ወዲያው ነበር የምመጣልህ፣ ማንም ሳያስቆመኝ።" ሾርባው ቀዝቅዞ ስለነበር ይዤው ሄጄ አሞቅሁት። ሌላ ምን ላድርግ?

መልሱ ጉብኝታቸው ሊያልቅ ሲል መጣ። አይሆንም ነው። ባለመነጽሯ መስኮቷን ትታ ወደኛ በኩል ወጥታ ነገረችን፤ ይህን ለማንም አታደርግም አሉኝ በኋላ። "ሕጉ ከመለወጡ በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ ያለ ምንም ጥያቄ ይኖሩ ነበር" አለች።

"ለምን እንዳልመጡ ልንገርሽ?" አልኳት። ባሌ ክንዴን ያዘኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኛ ቤት ግን ማንም አልቸኮለም ነበር፣ ያም ሆኖ ፈሰሰ።

እንግዲህ ያለው መንገድ አንድ ነው። አማቴ ብቻቸውን መኖር አይችሉም፣ እዚህም መኖር አይችሉም። እዚያ እሳቸውን የሚይዝ ሰው የለም፣ ከሱ በስተቀር። እሱ ይዟቸው ከሄደና ከግማሽ ዓመት በላይ ከቆየ ፈቃዱ ይቃጠላል፤ ከዚያ በኋላ የገዛ ቤቱ ለመግባት እንደ እናቱ ጎብኚ ሆኖ ነው የሚመጣው። እኔ ልከተል ብል ደግሞ የሱ አገር አሁን ለኔ የሰው አገር ነው፤ ለኔም ሰልፍ፣ ለኔም መስኮት አዘጋጅተውልኛል። አባቴም እዚህ አለ፣ እያረጀ ነው። ስንቱን ሽማግሌ ለስንት አገር እናካፍል?

አማቴ ብቻዬን እሄዳለሁ ብለው ተነሡ። ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ በሩ ሄዱ፣ የበሩን እጀታ ለመያዝ ምርኩዙን ለቀቁት፣ ልይዛቸው ባልደርስ ኖሮ ዳግመኛ ዳሌያቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም ስለዚያ አላነሣም።

ባሌ ልብሱን ሲያጥፍ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

"አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፣ ይገባሻል እንዳትለኝ" አልኩት። "ተመልሰህ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?"

ሸሚዙን ይዞ ቆመ። "ግድ የለም፣ ትንሽ ቀን ነው" ሊል አፉን ሲከፍት አየሁት፤ አፉን ሳየው ቃሉን አውቀዋለሁ። ከዚያ ተወው።

"አላውቅም" አለኝ። "እሷ በሕይወት እያለች ጥያት አልመጣም። እንድትሞትም አልፈልግም። ግማሽ ዓመቱ ሳያልቅ ምን እንዲሆን እንደምመኝ ራሴም አላውቅም።"

ካገባሁት ወዲህ ባንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ በንዴት ነው፣ እሱም ሸሚዙን እንደያዘ አጠገቤ ተቀመጠ።

ባቡር ጣቢያ ሦስታችን ሄድን። ባሌ ሻንጣዎቹንና የመዶሻ ሳጥኑን ወደ ፉርጎው ሲያስገባ እኔና አማቴ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ካፖርታቸውን ቆለፍኩላቸው። በልቤ እንደ ቋጠሮ የያዝኩት ነገር ነበረኝ፣ ልናገር ስል ቀደሙኝ።

"ይቅር በይኝ አልልሽም" አሉኝ። "ሌላ ነገር ፈልጌ አይደለም የመረጥኩት። ልጄን ነው የፈለግሁት። ይኸው አገኘሁት። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።"

እኛ ቤት ሁሉም ነገር ይነገራል ብያለሁ። ተናገርኩ።

"እኔም ባሌን ነው የምፈልገው፣ እማማ" አልኳቸው። "እርስዎን ከሱ እኩል ወድጄዎታለሁ። ግን ምን ቀን እንደሚመለስ ባሰብኩ ቁጥር የማስበው የእርስዎን ሞት ይሆንብኛል። እንዲህ አድርገውኛል።"

አማቴ እጄን ያዙኝ። "አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "እኔም አስቤዋለሁ።"

ባሌ ከፉርጎው በር ወደኛ እጁን ዘረጋ። ሞተሩ ይጮኽ ስለነበር ከተባባልነው ምንም አልሰማም። አማቴን አንስቼ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝና እናቱን ወደ ላይ አወጣቸው።